ፍርዱ ከታተመ በኋላ በየቀኑ መጸለይ ምን ይለውጣል?

የተጠየቅኩት ባጭሩ ይሄ ነው፦ «መምህር ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ለወራት ሆስፒታል እየተመላለሰች ነው። በሮሽ ሀሻና (በአይሁድ አዲስ ዓመት) ማን እንደሚኖር ማን እንደሚሞት ይጻፋል፣ በኪፑር (በስርየት ቀን) ይታተማል ብለው አስተምረውናል። ታዲያ አሁን ዓመቱ መሃል ላይ ሆኜ በየቀኑ ‹ርፋኤኑ› (ፈውሰን) እያልኩ መለመኔ ምን ይለውጣል? ያለቀ ነገር ላይ እግዚአብሔርን መጨቅጨቅ አይሆንም ወይ? እናቴ ደግሞ ዕብራይስጥ አታነብም፣ የምትጸልየው በአማርኛ ነው፣ ይቆጠርላታል? አንዲት ጎረቤታችን ስሟን ቀይሩላት እያለች ነው፣ እሱስ?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ጥያቄሽን የእምነት ማነስ አድርገሽ እንዳታይው፣ የሊቃውንቱ ክርክር የተጻፈበት ታልሙድ ራሱ ሮሽ ሀሻና በሚባለው ክፍል ገጽ 16 ላይ ይጠይቀዋል፣ የጠየቀውም ተራ ሰው ሳይሆን ባቢሎን ውስጥ የፑምበዲታን ትምህርት ቤት የመራ ሊቅ ነው። እሱ ጋ እደርሳለሁ።

የተማርሽው ነገር ውሸት አይደለም ግን ሩቡ ነው ማለት ይቻላል። «ሰው በሮሽ ሀሻና ይፈረድበታል፣ ፍርዱም በዮም ኪፑር ይታተማል» የሚለው የራቢ መኢር ቃል ነው። እዛው ቦታ አጠገቡ ሌሎች ሦስት ሊቃውንት አሉ፣ ሁሉም የ2ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች። ራቢ ይሁዳ ሁሉም ነገር በሮሽ ሀሻና ይፈረዳል ግን የሚታተመው በየጊዜው ነው ይላል፣ እህሉ በፋሲካ፣ የዛፍ ፍሬው በሻቩኦት (በሰንበታት በዓል)፣ ውሃው በሱኮት (በዳስ በዓል)፣ የሰው ደግሞ በኪፑር። ራቢ ዮሴ ግን «ሰው በየቀኑ ይፈረድበታል» አለ። ራቢ ናታን ጭራሽ ባሰበት፣ በየቅጽበቱ ነው አለ። እና በዓሉ ላይ የምንሰማው ድምፅ የራቢ መኢር ስለሆነ፣ «ማን በውሃ ማን በእሳት» የሚለው የበዓሉ ጸሎት ኡነታኔ ቶኬፍም ሰውን ስለሚያስለቅስ፣ ሌሎቹን ሦስቱን ሰው አያውቃቸውም። እዛው ጸሎት ውስጥ እንኳ ከዚያ ከሚያስፈራው ዝርዝር ቀጥሎ ጉባኤው ሁሉ ጮክ ብሎ የሚለው «ንስሐ፣ ጸሎትና ምጽዋት የፍርዱን ክፋት ያሳልፋሉ» ነው፣ ግን ሰው ቤቱ ይዞት የሚሄደው ዝርዝሩን ነው፣ ፍርሃት ቶሎ ይያዛላ።

አሁን ራቢ ዮሴ «በየቀኑ» ሲል ማስረጃ አድርጎ የጠቀሰውን ጥቅስ እይ። ከኢዮብ ነው፣ ምዕራፍ 7 ቁጥር 18፣ በየማለዳው ትጎበኘዋለህ የሚለው። ራቢ ናታንም ከዚያው ቁጥር ቀጣዩን ግማሽ ወሰደ፣ በየጊዜው ትፈትነዋለህ የሚለውን። መጽሐፉን ገልጠሽ ዙሪያውን ብታነቢ ግን ኢዮብ እዚህ ጋ እያመሰገነ አይደለም እኮ! እያማረረ ነው። ሰው ምን ስለሆነ ነው እንዲህ የምትከታተለው፣ ምራቄን እስክውጥ እንኳ አትተወኝም ወይ ነው የሚለው። ልጆቹ ሞተውበት ገላው ቆስሎ አመድ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ በየቀኑ ዓይን ውስጥ መሆኑ ከብዶት የተናገረው ነው። ሊቃውንቱ ይሄን ምሬት ነው ወስደው የፍርድ ትምህርት ያደረጉት፣ በየማለዳው ከሆነ የሚጎበኘው እንግዲያውስ በየማለዳው ይፈረዳል ማለት ነው ብለው።

እዚህ ጋ ነው ያልኩሽ ሊቅ የሚመጣው፣ ራቭ ዮሴፍ ይባላል። ጥያቄው አንድ መስመር ነው፦ ዛሬ ዛሬ ለበሽተኞችና ለደካሞች የምንጸልየው በማን ቃል ተመርኩዘን ነው? መልሱ፦ በራቢ ዮሴ። አየሽ፣ ለታመመ መጸለይ አይገባም ይሆን ብሎ አልጠየቀም፣ ሰዉ ሁሉ እየጸለየ ነው፣ እሱ የሚፈልገው የቆምንበት መሬት የቱ ነው የሚለውን ነው። ኢዮብን ያማረረው ያ የየማለዳው ጉብኝት ለበሽተኛ ቤተሰብ መቆሚያ ሆነ፣ ፍርዱ በየቀኑ ከሆነ ዛሬ ጠዋት የምትይው «ርፋኤኑ» ዛሬ የሚታይ ጉዳይ ላይ ነው የሚገባው። ይሄን የሚለው ራቭ ዮሴፍ ደግሞ ራሱ ዓይነ ስውር ነበር፣ ታሞ የተማረውን ሁሉ ረስቶ አባዬ የሚባለው ተማሪው ቁጭ ብሎ «አንተው ነህ እኮ እንዲህ ብለህ ያስተማርከን» እያለ ያስታውሰው እንደነበር ታልሙዱ ሌላ ቦታ ይነግረናል። ስለ በሽታ ከሩቅ ሆኖ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

ታልሙዱ ግን በዚህ አይቆምም፣ ከፈለግክ በራቢ መኢር መንገድም ይሆናል ይላል፣ ፍርዱ በዓመት አንዴ ነው ብትል እንኳ ራቢ ይስሐቅ እንዳለው፣ ጩኸት፣ ልመና ማለት ነው፣ ከፍርዱ በፊትም ከፍርዱ በኋላም ለሰው መልካም ነው። ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ብትሄጂ መጸለይሽ ቦታ አለው።

«እሺ መልካም ነው፣ ግን ከታተመ በኋላ ምኑን ነው የሚለውጠው?» ትይኝ ይሆናል። እዚህ ላይ እኔ ሁሌ የማስተምረው የዝናቡን ጉዳይ ነው፣ እዛው ክፍል ገጽ 17 ላይ አለ። እስራኤል በሮሽ ሀሻና ጊዜ ክፉዎች ሆነው ተገኙና ለዓመቱ ጥቂት ዝናብ ተፈረደባቸው እንበል። በኋላ ንስሐ ገቡ። ዝናቡን መጨመር አይቻልም ይላል፣ ፍርዱ ወጥቷልና። ግን እግዚአብሔር ያንኑ ጥቂት ዝናብ በሰዓቱ፣ በሚያስፈልገው መሬት ላይ ያወርደዋል። ተቃራኒውም አለ፣ ጻድቃን ሆነው ብዙ ዝናብ ተፈርዶላቸው ኋላ ከተበላሹ አይቀነስም፣ ግን ያለ ጊዜው ይወርዳል፣ ምንም በማይበቅልበት መሬት ላይ። ልብ በይ፣ ሚሊ ሜትሩ ያው ነው! አንዱ ቤት ጎተራ ይሞላል ሌላው ቤት ጎርፍ ይወስዳል። ገበሬ ቤት ላደገ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስቸግርም፣ ጎንደር ውስጥ በሐምሌ የሚመጣ ዝናብና ጤፍ ሲታጨድ የሚመጣ ዝናብ አንድ እንዳልሆነ እናትሽን ጠይቂያቸው። እና «ተጽፏል» ማለት «እንዴት እንደሚደርስብሽም ተወስኗል» ማለት አይደለም፣ በመጠኑና በአወራረዱ መካከል ሰፊ ቦታ አለ፣ የየቀን ጸሎት የሚሠራው እዛ ውስጥ ነው።

ለነገሩ ሲዱሩ፣ የጸሎት መጽሐፋችን፣ ራሱ ይሄን ያውቃል። ውሃ በሱኮት ይፈረዳል አላልንም? እስራኤል አገር ውስጥ ግን በሽሞኔ እስሬ፣ ቆመን በየቀኑ በምንለው ጸሎት መሃል፣ ዝናብ ስጠን ብለን መለመን የምንጀምረው በሔሽቫን ወር 7 ነው፣ በዓሉ ካለፈ 15 ቀን ቆይቶ። ሚሽናው፣ ታልሙዱ የሚያብራራው የሕግ መጽሐፍ፣ ምክንያቱን ሲነግርሽ፣ ለበዓል ኢየሩሳሌም የወጣው የመጨረሻው መንገደኛ ኤፍራጥስ ወንዝ እስኪደርስ ነው ይላል፣ መንገድ ላይ እንዳይበሰብስ። ፍርዱ ካለፈ በኋላ ነው ልመናው የሚጀምረው ማለት ነው፣ ለዚያውም የሰው እግር ጭቃ ውስጥ እንዳይገባ ታስቦ። ከዚያ እስከ ፋሲካ በየቀኑ ሦስት ጊዜ። ሊቃውንቱ ያለቀ ነገር ነው ብለው ቢያስቡ ኖሮ ይሄን ሁሉ አይደክሙም ነበር።

አንድ የሚከብድ ነገር አለ፣ ብዘለው ሌላ ሰው ይነግርሽና ትጎጃለሽ ብዬ ስለምፈራ ልንገርሽ። ገጽ 18 ላይ ራቢ መኢር እንዲህ ይላል፦ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት በሽታ ይዟቸው ተኙ፣ አንዱ ተነሳ አንዱ አልተነሳም። ለምን? ሁለቱም ጸልየዋል፣ አንዱ ግን ሙሉ ጸሎት ጸለየ፣ ሌላው ሙሉ አልጸለየም። ይሄን ቆርጠው አውጥተው ለሐዘንተኛ የሚናገሩ ሰዎች አሉ፣ «ከልባችሁ ብትጸልዩ ኖሮ» የሚሉ። እግዜር ይይላቸው። እዛው ላይ ወዲያው ራቢ ኤልዓዛር አይደለም ይላል፣ ልዩነቱ አንዱ ከፍርዱ በፊት ሌላው ከፍርዱ በኋላ መጸለዩ ነው እንጂ የጸሎቱ ጥራት አይደለም። ከዚያ ራቢ ይስሐቅ ገብቶ ሁለቱንም ጊዜ መልካም ነው ይላል። ኪፑር ካለፈ በኋላ የብቻውን ሰው ፍርድ እንደ ጉባኤው ፍርድ መቅደድ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውም እዛው ይከራከሩበታል፣ ለብቻው ሰው የተሰጡት ከሮሽ ሀሻና እስከ ኪፑር ያሉት 10 ቀኖች ናቸው የሚል አለ። ማለቴ፣ ሦስትና አራት መልስ ያለው ነገር ላይ አንዱን መዞ በበሽተኛ ቤተሰብ ራስ ላይ መጣል ትምህርት አይባልም። ራቢ መኢር የተናገረው ራሱን ለማትጋት ለሚፈልግ ሰው ነው፣ እንደ እኔ አነባበብ፣ ስለ ጎረቤቱ ሬሳ እንዲፈርድ አይደለም።

እኔን ከሁሉ የሚያጽናናኝ ግን የንጉሥ ሕዝቅያስ ነገር ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ኢሳይያስ መጥቶ «ቤትህን አዘጋጅ፣ ትሞታለህ እንጂ አትኖርም» ይለዋል፣ ሕዝቅያስ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ይጸልያል፣ 15 ዓመት ይጨመርለታል። ታልሙዱ ብራኾት በሚባለው ክፍል ገጽ 10 ላይ በመሃላቸው የነበረውን ንግግር ይተርክልናል። ሕዝቅያስ ያላገባ ሰው ነው፣ ለምን ሲሉት ክፉ ልጆች እንደሚወጡልኝ በመንፈስ አይቼ ነው ይላል። ኢሳይያስ፣ የእግዚአብሔር ምስጢር ምን አገባህ፣ አንተ የታዘዝከውን አድርግ ይለዋል። «እንግዲያውስ ሴት ልጅህን ስጠኝ» ይላል ንጉሡ፣ አልጋ ላይ ሆኖ፣ ሊሞት ነው እኮ። ኢሳይያስም «አልቋል፣ ተፈርዶብሃል» አለው። ይሄኔ ሕዝቅያስ ነብዩን ምን ቢለው ጥሩ ነው? የአሞጽ ልጅ ሆይ፣ ትንቢትህን ጨርስና ውጣ! እኔ ከአባቶቼ ቤት የተቀበልኩት፣ የተሳለ ሰይፍ አንገትህ ላይ ቢያርፍ እንኳ ምሕረት ከመለመን አትከልከል የሚለውን ነው። እንግዲህ ይሄ ሰው ፍርዱን የሰማው ከጎረቤት ወይም ከዶክተር አይደለም፣ ከነብይ አፍ ነው፣ ከዚህ የበለጠ የታተመ ነገር ከየት ይመጣል፣ እንደዚያም ሆኖ አስወጣው። መጽሐፈ ነገሥት ላይ ኢሳይያስ ገና ግቢውን ሳያልፍ ተመለስና ንገረው ተባለ ይላል።

እና «ከተጻፈው አያልፍም»፣ «የግንባሯ ጽሑፍ ነው» የምንባባለው የአገር ቤት ንግግር፣ ለቅሶ ላይ ማጽናኛ ይሆን ይሆናል እንጂ በሽተኛ በሕይወት እያለ አልጋዋ አጠገብ የሚባል ነገር አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ ሕዝቅያስ ቢሰማን ውጡልኝ ነው የሚለን።

እግረ መንገዴን ሌላ የሚገርም ነገር፣ አቮዳ ዛራ በሚባለው ክፍል ገጽ 3 ላይ የእግዚአብሔር ቀን እንዴት እንደሚውል ተጽፏል፣ 12 ሰዓት ነው። በመጀመሪያው 3 ሰዓት ተቀምጦ ቶራ ያጠናል። በሁለተኛው 3 ሰዓት ተቀምጦ ዓለምን ሁሉ ይፈርዳል፣ ዓለም ጥፋት እንደተገባት ሲያይ ግን ከፍርድ ዙፋን ይነሳና የምሕረት ዙፋን ላይ ይቀመጣል። በሦስተኛው ከጎሽ ቀንድ እስከ ቅማል እንቁላል ድረስ ፍጥረቱን ሁሉ ይመግባል። በመጨረሻው ከሌዋታን፣ ከትልቁ የባሕር አውሬ ጋር ይጫወታል። ፈገግ ያሰኛል አይደል? ግን ቁም ነገሩን እይው፣ ፍርዱ የዓመት ሳይሆን የየቀኑ ሥራ ነው፣ በየቀኑም ከዙፋን ወደ ዙፋን መነሳት አለ። ብራኾት ላይ ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ ይጸልያል ይላል፣ ምሕረቴ ቁጣዬን ያሸንፍ ዘንድ ፈቃዴ ይሁን እያለ። አንቺ ሦስቴ ስትጸልዪ ብቻሽን አይደለሽም ማለት ነው።

ፈላስፎቹ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለባቸው፣ እግዚአብሔር ሐሳቡን የሚለውጥ ሰው ነው ወይ የሚለው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን የነበረው ራቢ ዮሴፍ አልቦ የሰጠው መልስ ቀላል ነው፣ ፍርዱ የወጣው በአንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ ባለ ሰው ላይ ነው፣ ሰውየው በጸሎት ሌላ ሰው ከሆነ ፍርዱ የወጣበት ሰው አሁን የለም፣ የተለወጠው ፈቃዱ ሳይሆን ተቀባዩ ነው። ጥሩ መልስ ነው፣ ግን ለራስ ለሚጸለይ ጸሎት ይሻላል እንጂ ለእናት ሲሆን ትንሽ ይጠብባል፣ አንቺ ስትለወጪ እሳቸው እንዴት ይድናሉ የሚለውን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ራምባም (ማይሞኒደስ) ያለው ለዚህ ይቀርባል፣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ራሱንም ዓለምንም ግማሽ ለግማሽ፣ ጽድቁና ኃጢአቱ እኩል ሆኖ ተመዝኖ እንደቆመ አድርጎ ይይ፣ አንድ በጎ ሥራ ራሱንም ዓለሙንም ወደ ማዳን ያጋድላል ይላል። በሮሽ ሀሻና ብቻ አላለም፣ ዓመቱን ሙሉ ነው ያለው።

ድንበሩንም ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ጸሎት ሁሉን ያደርጋል ብዬ ብሸኝሽ አታልዬሻለሁ። ሚሽናው ብራኾት ምዕራፍ 9 ላይ «ያለፈው ላይ የሚጮህ፣ ከንቱ ጸሎት ነው» ይላል። ምሳሌውም አለ፣ ሰው ከመንገድ ሲመለስ ከከተማው የዋይታ ድምፅ ሰምቶ «ቤቴ ባልሆነ» ቢል ከንቱ ጸሎት ነው፣ ቤቱ ከሆነ ሆኗል፣ ካልሆነም የሌላ ሰው ቤት ነው። ዛሬ ይሄ ምን ይመስልሻል፣ የምርመራው ውጤት ወጥቶ የጤና መድኑ፣ የኩፓት ሆሊም፣ አፕ ውስጥ ገብቷል፣ ከመክፈትሽ በፊት «ካንሰር አይሁን» ብለሽ መጸለይ ያው የዋይታው ነገር ነው። የተጻፈው ተጽፏል። ግን «ሕክምናው ይስማማት፣ ዶክተሩ ያስተውል፣ ሌሊቱ ይቅለላት፣ ለእኔም ጉልበት ስጠኝ» ማለት ይቻላል፣ ይገባልም፣ ያ ሁሉ ገና የሚመጣ ነው። ፍርድን የሚያከብርና ጸሎትን የማይተው መንገድ ይሄ ነው። ዶክተር ትቶ ጸሎት ላይ ብቻ መንጠልጠልም የለም፣ ታልሙዱ ከኦሪት ዘጸአት ተነስቶ ለሐኪም እንዲፈውስ ፈቃድ ተሰጥቶታል ይላል፣ ሕዝቅያስም ቢሆን ጸሎቱ ተሰምቶለት ካበቃ በኋላ ኢሳይያስ ያዘዘው ነገር የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና እባጩ ላይ አድርጉበት የሚል ነው። መድኃኒት ማለት ነው።

ስለ አማርኛው። እናትሽ ያደጉበትን ነገር ላስታውስሽ፣ የኛ ሰው፣ ቤተ እስራኤል፣ አገር ቤት ኢትዮጵያ ታልሙድ አልነበረውም፣ ይሄ ሁሉ የራቢ መኢርና የራቢ ዮሴ ክርክር አልደረሰውም፣ ቄሶቹ በግዕዝ ነበር የሚጸልዩት። ግን የምሕረትን ነገር ከኛ በላይ ይዘውት ነበር። አስተሥርዮን (ኪፑርን) ይጾማሉ፣ ከዚያ 50 ቀን ቆጥረው በሔሽቫን 29 ሲግድ ለሚባለው የምህላ በዓል ይወጣሉ፣ ተራራ ላይ፣ ጾመው፣ ከነህምያ እያነበቡ፣ ድንጋይ ተሸክመው የሚወጡም ነበሩ። ኪፑር ከታተመ 50 ቀን በኋላ መሆኑን ልብ በይ! ይቅር በለን ማለት በኪፑር ያበቃል ብሎ የነገራቸው የለም። ዛሬ ኢየሩሳሌም አርሞን ሀናጺቭ ላይ የምናየው እሱው ነው፣ በ2008 በሕግ የመንግሥት በዓል ሆኗል። ትእዛዘ ሰንበት የሚባለው የግዕዝ መጽሐፋቸው ውስጥ ደግሞ ሰንበት ራሷ በእግዚአብሔር ፊት ቆማ ለነፍሳት ትማልዳለች። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደጉ እናት ከፍርድ በኋላ ልመና አለ ወይ ብለው ማንንም መጠየቅ የለባቸውም።

በሕግም በኩል ግልጽ ነው። ሚሽና ሶጣ ምዕራፍ 7 ሽማዕ (‹እስራኤል ሆይ ስማ›) እና የየቀኑ ጸሎት በማንኛውም ቋንቋ ይባላሉ ይላል። አንድ ያስቸገረ ነገር ነበር፣ ራቢ ዮሐናን በአራማይክ የሚለምን ሰው መላእክት አያደርሱለትም፣ ቋንቋውን አይሰሙም ብሎ ነበር። ሻባት በሚባለው የታልሙድ ክፍል ገጽ 12 ላይ ግን ለበሽተኛ ሲሆን ይለያል ይላል፣ ምክንያቱም ሸኺና፣ የእግዚአብሔር መገኘት፣ ከበሽተኛው ራስጌ በላይ ነው፣ መልእክተኛ አያስፈልግም። ለዚህ ነው እዛው ላይ ጠያቂ ሰው ከበሽተኛ አልጋ ላይ ዘፍ ብሎ አይቀመጥም፣ ዝቅ ብሎ በአክብሮት ይቀመጣል የተባለው። ስለዚህ እናትሽ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው «እግዚኦ፣ የአብርሃም አምላክ» ሲሉ ማንም የሚያስተረጉምላቸው አያስፈልግም። ሲዱር ካላነበቡ ምንም አይደለም፣ አትጫኛቸው።

በሻባት (በሰንበት) ቀን ብቻ አንድ ልዩነት አለ፣ የሳምንቱ ሽሞኔ እስሬ 19 በረከት ሲሆን የሻባቱ 7 ነው፣ የልመናዎቹ ይወጣሉ። በሽተኛ ስትጠይቂም የሚባለው «ሻባት ከመጮህ ይከለክለናል፣ ፈውስም ልትመጣ ቀርባለች» የሚል ነው። በዚያው ቀን ለሕይወቱ የሚያሰጋ ሰው ካለ ግን በሻባትም ይጸለያል።

ወደ ስሙ ልምጣ። ጎረቤታችሁ ከሜዳ ተነስተው አይደለም ያሉት፣ ያው የሮሽ ሀሻናው ክፍል የሰውን ፍርድ የሚቀድዱ 4 ነገሮች አሉ ይላል፣ ምጽዋት፣ ጩኸት፣ ስም መቀየር፣ ሥራን መቀየር፣ ቦታ መቀየርንም የጨመረ አለ። የስሙ ማስረጃ ሣራ ናት፣ ሦራ ስትባል ያልወለደች ሣራ ተብላ የወለደች። ልማዱም አለ፣ ጽኑ ለታመመ ሰው ሐያ ወይም ራፋኤል የመሰለ ስም ይጨመራል፣ የድሮው ይቀራል ማለት ሳይሆን ከፊቱ ይጨመራል፣ 10 ሰው ባለበት ተሂሊም (መዝሙረ ዳዊት) ተነቦ። ግን ግዴታ አይደለም፣ ከአራቱ አንዱ ነው፣ ምጽዋትና ጩኸት ቀድመውታል። ሌላም ነገር አለ፣ እኔ ሳስበው ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው። የእናትሽ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ብዙዎቹ እዚህ እስራኤል ሲገቡ ስማቸው አንዴ ተቀይሯል፣ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ ሰው ለመጥራት ከበደኝ ብሎ፣ ሳይጠየቁ። አሁን ታመው ተኝተው ደግሞ ሌላ ሰው መጥቶ ስምሽ አልሠራም እንቀይረው ቢላቸው ምን እንደሚሰማቸው አስቢው። ሣራን ስሟን የሰጣት የፈጠራት ነው እንጂ ጎረቤቷ አይደለችም። ስለዚህ እሳቸውን ጠይቂ፣ ደስ ካላቸው ቄሱንም ራቢውንም ይዛችሁ ታደርጉታላችሁ፣ ካላሉ ይቅር፣ ምንም የሚጎድል ነገር የለም።

እስከዚያው ሲዱርሽን ክፈቺና የሽሞኔ እስሬው 8ኛው በረከት ላይ ቁሚ፣ ርፋኤኑ 8ኛ የሆነው ግርዛት በ8ኛው ቀን ስለሆነና ፈውስ ስለሚፈልግ ነው ይላል ታልሙዱ መጊላ በሚባለው ክፍል ላይ። እዛ ውስጥ ስማቸውን ትጠሪያለሽ፣ እኛ በአባት ስም ስለለመድን ይከብድሽ ይሆናል ግን ለበሽተኛ የሚባለው በእናት ስም ነው፣ የእናትሽን ስም ካልሽ በኋላ የሴት አያትሽን ስም። ዳዊት በመዝሙር 116 ላይ ራሱን የሴት ባሪያህ ልጅ ብሎ እንደጠራው። አያትሽን በአገር ቤት ስማቸው ጥሪያቸው፣ እናትሽንም እንደዚያው፣ መታወቂያው ላይ ያለውን ሳይሆን እናታቸው ያወጡላቸውን። ረዥም መሆን የለበትም፣ ሙሴ እህቱ ማርያም በለምጽ ስትያዝ የጸለየላት ጸሎት በዕብራይስጥ 5 ቃል ነው። አማርኛ ጨምረሽ ብዙ መናገር ካማረሽ ደግሞ 16ኛው በረከት፣ ሽማዕ ኮሌኑ (ድምፃችንን ስማ) ላይ፣ የልብሽን ሁሉ በፈለግሽው ቋንቋ መናገር ትችያለሽ። የሚታከም ነገር ላይ ሌላ ጥያቄ ካለሽ ወይም ቄሱ የተለየ ነገር ካሉሽ ጻፊልኝ፣ አያለሁ።